ንጉሡ የሌሉበት አልበም
አፄ ቴዎድሮስና የ1868 የመቅደላ ፎቶዎች



ጧት ጧት ከአድ ሃሎም ባቡር ጣቢያ የምትሳፈሩ ሁሉ ያንን ድልድይና ከሥሩ የሚወርደውን ወንዝ ታውቁታላችሁ። የቦታው ስም በዕብራይስጥ እስከዚህ ማለት ነው። በ1948 በነጻነት ጦርነት ጊዜ ከደቡብ የመጣው የግብጽ ጦር በላኪሽ ወንዝ ላይ የነበረውን ድልድይ ፈርሶ አገኘው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን አላለፈም። ከተማችን አሽዶድ የተቆረቆረችው ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ በ1956 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ እዚህ አገር ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት የሚማሩት በሱ ስለሆነ ነው።)

ስለ ድልድዩ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻችን በየቀኑ እያዩት ምን እንደተፈጸመበት አያውቁም። እኛ ወላጆች ደግሞ ምን እንደተፈጸመባቸው የምናውቃቸው ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ልጆቻችን ግን አላዩአቸውም። አሁን የማጫውታችሁ ስለዚህ ሁለተኛው ነገር ነው።

በሕንጻችን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ የደምቢያ ሰው አሉ። በ1984 በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም። ባለፈው ክረምት የድሮ የኢትዮጵያ መልክአ ምድር ፎቶዎች ስብስብ አግኝቼ አትሜ ወሰድኩላቸው። እንግሊዞች በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ ያነሡት አልበም ነው። ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ሰዓት ሙሉ አዩት። ወታደሮቹን፣ ድንኳኑን፣ መድፉን አልፈው አልፈው ዓይናቸው የሚያርፈው ገደሉ ላይ ነበር። በመጨረሻ ንጉሡ የታሉ ብለው ጠየቁኝ። የሉም አልኳቸው። በአልበሙ ውስጥ ከ70 በላይ ፎቶዎች አሉ፤ የቴዎድሮስ ፎቶ ግን አንድም የለም። በዚህ አልበም ብቻ ሳይሆን በየትም ቦታ የታወቀ ፎቶግራፍ የላቸውም። በመጻሕፍትና በግድግዳ ላይ የምታዩአቸው ሥዕሎች ሁሉ በእጅ የተሣሉ ናቸው።

እንግዲህ መጀመሪያ ስለ አልበሙ ጥቂት ልበል። ፎቶዎቹን ያነሡት የእንግሊዝ የመሐንዲሶች ጦር የአሥረኛው ኩባንያ ወታደሮች ናቸው፤ አለቃቸው ሳጅን ጆን ሃሮልድ ይባል ነበር። ሥራቸው ለማስታወሻ የሚሆን ፎቶ ማንሣት ብቻ አልነበረም። የመንገዱን ንድፍና ካርታ በካሜራ እያባዙ ለመኮንኖቹ ያድሉ ነበር። ስለዚህ የምታዩት ተራራ ሁሉ በጦር ሰው ዓይን የታየ ተራራ ነው። በየት በኩል ይወጣል፣ ውኃው ወዴት ነው፣ በቅሎ ያስኬዳል ወይ እያለ ያየ ዓይን ነው። ይህን ሳትረሱ እዩት።

ዘዴው የእርጥብ መስታወት ዘዴ ነበር። አንሺው በጨለማ ድንኳን ውስጥ ሆኖ መስታወቱን ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ይቀባል፣ በብር ጨው ውኃ ይነክረዋል፣ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ያስገባዋል፣ ፎቶውን አንሥቶ አሁንም ሳይደርቅ ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ያጥበዋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ማለቅ አለበት። መስታወቱ፣ መድኃኒቱና ድንኳኑ ከባሕር ዳር ከዙላ እስከ መቅደላ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በከብት ጀርባ ተጭኖ ሄዷል። ስንቱ ተሰብሮ ስንቱ እንደደረሰ አስቡት። በዚያ ላይ መስታወቱ ሰማያዊ ብርሃን ይበዛበት ስለነበር ሰማዩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ወጥቷል፤ አንድ ደመና አታገኙም። የተንቀሳቀሰ ሰው ወይም በቅሎ እንደ ጭስ ይሆናል። ድንጋይ ግን አይንቀሳቀስምና ጥርት ብሎ ይታያል። የሰንዓፌን አለት ስታዩ የስንጥቁን ቁጥር ልትቆጥሩ ትችላላችሁ። ጥቁርና ነጭ እንላቸዋለን እንጂ ዛሬ ቀለማቸው ቡናማ ነው። ወረቀቱ በእንቁላል ነጭ የተለበጠ ስለሆነ በጊዜ ብዛት ወደ ቢጫነት ይሄዳል። የበጋ ሣር ቀለም ይመስላል ያሉኝ እኒሁ አባት ናቸው፤ እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። በዙፋን እስኪቀመጡ ድረስ እንደ ወጣት አንተ ብዬ፣ ከነገሡ በኋላ አንቱ ብዬ እጽፋለሁ፤ አገራችን እንዲህ ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1818 አካባቢ በቋራ ተወለደ። ቋራን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርድ ቆላ፣ ሙቀትና ወባ የበዛበት፣ ሽፍታ የሚሸሸግበት አገር ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግራ ስለነበር ጠላቶቹ ኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። በገዳም ፊደል ቆጠረ፤ ኋላም በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት ጦርና ፈረስ ተማረ። ክንፉ በ1839 ሲሞት ግዛቱን ሌሎች ወሰዱት። ካሳም ቆላ ወርዶ ሸፈተ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ንጉሥ ይቀመጣል፤ ሥልጣኑ ግን በየአገሩ ባሉት ራሶችና ደጃዝማቾች እጅ ነው። ከሁሉም የበረቱት የየጁው ራስ ዓሊና እናታቸው እቴጌ መነን ነበሩ። ሽፍታውን በጦር ማጥፋት ቢያቅታቸው በጋብቻ ሊያስሩት የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ለፖለቲካ ቢደረግም ካሳ ተዋበችን እስከ መጨረሻው ወዷታል። ሰላሙ ግን አልቆየም፤ ወዲያው ጦርነት ሆነ።

በ1848 ካሳ ወደ ሱዳን ዘልቆ ዳባርቂ በሚባል ቦታ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠመ። ግብጾቹ ምሽግ ነበራቸው፣ መድፍ ነበራቸው፤ ካሳ ብዙ ሰው አጥቶ ተመለሰ። ያ ቀን በልቡ ገባ። ከዚያ በኋላ መድፍ የሚለው ቃል ከአእምሮው አልወጣም። (ከዚያ ልክ መቶ ዓመት ቆይቶ የግብጽ ጦር እኛ ባቡር የምንሳፈርበት ድልድይ አጠገብ መቆሙን ሳስብ ይደንቀኛል። የተያያዘ ነገር የለውም፤ ዓመቱ ስለ ገጠመ ብቻ ነው።)

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በኅዳር 1852 በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን አሸነፈ፤ ጎሹም እዚያው ሞቱ። በ1853 በጎርጎራ ብችኝ ድል አደረገ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ በአይሻል ራስ ዓሊን አባረረ። በየካቲት 1855 በስሜን በደረስጌ የትግሬውን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ማረከ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ካሳ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ቤቱ በውቤ ተሠርቶ ንግሡ የቴዎድሮስ ሆነ። በዓመቱ ሳይሞላ ወሎንና ሸዋን አስገበሩ፤ ኋላ አፄ ምኒልክ የተባሉትን ልጅ ማርከው ወሰዱ። መቅደላ የተባለው የወሎ አምባም ያን ጊዜ እጃቸው ገባ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እስካሁን የነገርኳችሁ ቦታ ሁሉ፣ ቋራ፣ ደምቢያ፣ ጎንደር፣ ጉር አምባ፣ አይሻል፣ ደረስጌ፣ በአልበሙ ውስጥ አንዱም የለም። እንግሊዞች በምሥራቅ በኩል፣ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በእንጣሎ፣ በአሸንጌ ሐይቅ አድርገው ወደ መቅደላ ነው የሄዱት። ጎንደርን ጭራሽ አላዩአትም። ስለዚህ የሰውየው ዕድሜ ሁሉ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ቀርቷል። ፎቶው ያገኘው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሳምንታትና አንዱን ተራራ ብቻ ነው። አልበሙን የቴዎድሮስ አገር ብሎ የሚያሳይ ሰው ቢያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት።

ንጉሡ አገሪቱን አንድ ለማድረግ፣ ለወታደር ደመወዝ ለመክፈል፣ ዘረፋን ለማስቀረት፣ መንገድ ለመሥራት ተነሡ። ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ሲሠሩ ያዩአቸው የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ነገር ግን በ1858 ተዋበች ሞተች፤ በ1860 እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ጆን ቤል ተገደሉ። ዓመፅ በዓመፅ ላይ መጣ፤ ቅጣቱም በዚያው ልክ ከፋ። በ1866 መጨረሻ ጎንደርን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ለኚህ ንጉሥ ፍቅር ያለን ሰዎች ይህን ማለፍ እንወዳለን፤ ግን የጎንደር ሰው እንዴት ይረሳዋል?

የእኛም ወገኖች ታሪክ በዚህ ዘመን ውስጥ አለበት። ሄንሪ ስተርን የሚባል፣ ጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ክርስቲያን የሆነ ሚስዮናዊ በ1860 ቤተ እስራኤልን ሊያስለውጥ መጣ፤ ፍላድ የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ በደምቢያ በጀንዳ ተቀመጠ። የሃይማኖቱ ክርክር ጠንክሮ በ1862 ካህኖቻችን በንጉሡ ፊት እስከ መቆም ደረሱ። በዚያው በ1862 ነው አባ ማሐሪ ሕዝቡን ይዘው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም የተነሡት። ባሕሩ እንደ ሙሴ ጊዜ ይከፈልልናል ብለው ነበር ይባላል። ብዙዎቹ በትግራይ መንገድ ላይ በረኃብና በበሽታ አለቁ፤ ጥቂቱ ተመለሰ። በአልበሙ መጀመሪያ የዙላን ባሕር ዳር ታያላችሁ፤ መርከቦች፣ ከወደቡ ወደ ውስጥ የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ፣ ጭነት። የአባ ማሐሪ ሰዎች ሊደርሱበት የናፈቁት ይኸው ቀይ ባሕር ነው፤ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ያቆመው ከነሱ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። እኔ ያንን ፎቶ ቶሎ ማለፍ አልቻልኩም።

ጠቡ እንዴት ተነሣ? በ1862 አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ከቱርኮችና ከግብጾች ጋር ላለባቸው ትግል ወዳጅነትና የእጅ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ መልስ ተቀመጠ። ይህ መሥሪያ ቤት ሄዶ ማመልከቻ አስገብቶ መልስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ንጉሡ ጠባቂ ብቻ አለመሆናቸው ነው። ቆንስሉን ካሜሮንን በ1864 መጀመሪያ አሰሩ። ከሱ በፊት ስተርን ስለ ንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭነት በመጽሐፉ ጽፎ ተገኝቶ ተደብድቦ ታስሮ ነበር። መልስ ይዞ የመጣው ራሳምም ቆይቶ ታሰረ።

በዚህ መካከል ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሚስዮናውያኑን መድፍ እንዲሠሩላቸው አስገደዷቸው። ሰዎቹ አናጢና አንጥረኛ እንጂ መድፍ ሠሪ አልነበሩም። ሞክረው ሞክረው ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ትልቅ መድፍ አወጡ። በጥቅምት 1867 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ የለም። የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየቆፈሩ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ መንገዱ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። በሌላ በኩል እንግሊዞች ከሕንድ 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዘው በጄኔራል ናፒየር መሪነት በዙላ ወርደው እየገሠገሡ ነበር። ሁለቱም ወደ አንድ ተራራ ነበር የሚሽቀዳደሙት። ቴዎድሮስ ቀደሙ።

እንግዲህ የአልበሙን መጨረሻ ክፍል ግለጡ። መቅደላ ከሩቅ ስትታይ ጠረጴዛ ትመስላለች፤ አናቷ ሜዳ፣ ጎኗ ገደል ነው። አጠገቧ ሰላምጌና ፋላ የሚባሉ ከፍታዎች አሉ፤ ከሥራቸው የአሮጌ ሜዳ ይታያል። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመታው የገደሉ ንብርብር እንደ እንጀራ መሶብ ረድፍ በረድፍ ሆኖ ይታያል። ስለ ውበቱ ከተነሣ ከአልበሙ ሁሉ የተሻለው ይኸ ነው፤ ከአሜሪካም ከአውሮፓም ታላላቅ የተራራ ፎቶዎች ጋር ቢቆም አያፍርም። ግን ፎቶው የማይናገረውን እኔ ልንገራችሁ። በዚያ በሰላምጌ ገደል ንጉሡ ከመሞታቸው ከአራት ቀን በፊት በቁጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስጥለዋል። በማግስቱ በስቅለት ቀን፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1868፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዘው ከፋላ ወደ አሮጌ ወረዱ። የእንግሊዝ አዲስ ጠመንጃ ፈጀው፤ ወደ 700 ሰው ወደቀ፤ ገብርዬም ወደቁ። ከእንግሊዝ በኩል በዕለቱ የሞተ አልነበረም። የዚያን ያህል ድካም የፈጀው ሴባስቶፖል አልጠቀመም። ዛሬም እዚያው መቅደላ አለ፤ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ንጉሡ አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ። ፎቶ አንሺዎቹ የተፈቱትን በቡድን አስቀምጠው አንሥተዋቸዋል፤ እነ ስተርን፣ እነ ፍላድ በአልበሙ አሉ። ስለዚህ ወገኖቻችንን ሊያስለውጡ የመጡት ሰዎች ፊት ተቀርጾ ቀርቷል፤ የካህኖቻችን ፊት አልቀረም። ናፒየር ንጉሡም እጃቸውን እንዲሰጡ ፈለገ፤ እሳቸው እምቢ አሉ። በፋሲካ ማግስት፣ ኤፕሪል 13፣ ማለት በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች ኮከት በር የተባለውን በር ሰብረው ሲገቡ አፄ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ዕድሜያቸው 50 ገደማ ነበር።

የበሩ ፎቶ በአልበሙ አለ። ድንጋይና እንጨት ነው፤ ተራ የደጋ ቤት በር ይመስላል። እኔ በር ሲባል ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። አባታችን ግን አልገረማቸውም፤ ገደል ካለ በር ምን ያደርጋል ያሉ መሰለኝ፤ ፈገግ ብለው ነው ያለፉት።

ከዚያ በኋላ መቅደላ ተዘረፈ። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ታቦቱ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወርዶ በጨረታ ተሸጠ፤ ብዙው ዛሬም በለንደን ነው። ቤቱም ተቃጠለ። የሰባት ዓመቱን ልጅ ዓለማየሁን ወሰዱት፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞተች። ልጁ እንግሊዝ እንደደረሰ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ታዋቂ ሴት ፎቶ አንሺ አነሣችው። ፎቶውን ያያችሁት ታውቁታላችሁ፤ የአበሻ ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑ ከካሜራው ሌላ ቦታ የሚያይ ልጅ ነው። አባቱ አንድም ፎቶ የሌላቸው ሰው፣ ልጃቸው በልጅነቱ ደጋግሞ ተነሣ። ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ከቴዎድሮስ ራስ የተቆረጠ ፀጉር በ2019 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል፤ የልጁን አፅም ለመመለስ የቀረበውን ጥያቄ ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።

የአባታችን የልጅ ልጅ የዚያን ዕለት አጠገባችን ነበር። አሽዶድ የተወለደ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ይመልስ የነበረው በዕብራይስጥ ነው። ይህ የሳባ አገር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አያቱ አይደለም፣ ይህ ወሎ ነው፣ የእኛ በዚህ በኩል ነው ብለው ጣታቸውን ከወረቀቱ ጠርዝ አሳልፈው ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ቡና ሲኒው አጠገብ ጣና ሆነ፣ ከሱ ወዲህ ደምቢያ፣ ስኳር ማስቀመጫው ጎንደር ሆነ። ልጁ እርሳስ አምጥቶ በወረቀቱ ጀርባ አሠፈረው።

የታተሙትን ገጾች በማኅበሩ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼአቸዋለሁ። ከሥራ ስትመለሱ፣ ከኡልፓን ስትወጡ ጎራ ብላችሁ እዩአቸው፤ ልጆቻችሁን አምጡ፤ ማጉያ መነጽር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እዚህ ያለው አንድ ብቻ ነው። በቤታችሁ ከአገር ቤት የመጣ የመንደር ወይም የተራራ ፎቶ ያላችሁ እሱንም አምጡት፤ የቦታውን ስም ከጀርባው በእርሳስ እንጽፍበታለን። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል።